ፕሮግራሜ የዘረጋው የዐባይ ድልድይ

ሰው ሁሉ አንድ ቀን መንገድ ይጠፋበታል፤ ያለ ነው። እኔ ግን የሌለ መንገድ አብጅቼ፣ የሌለ ድልድይ ዘርግቼ፣ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን ከነሹፌራቸው በላዩ ላይ የላክሁ ሰው ነኝ። ገና ነው፣ አትሳቁ። ስጨርስ ትስቃላችሁ፤ ወይም ታዝኑልኛላችሁ። ሁለቱም ይገባኛል።

ጊዜው ክልሉ ገና አዲስ የነበረበት ነው። አሶሳ ያን ጊዜ ከቤት ይልቅ ችካል ይበዛባት ነበር። ጠዋት ሣር የነበረ ቦታ ከሰዓት በኋላ ገመድ ይወጠርበታል፤ ለመስክ ሄደህ ስትመለስ ደግሞ ቢሮ ሆኖ፣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ኃላፊውን ሲጠብቅ ታገኛለህ። እኔም ከአዲሶቹ ነገሮች አንዱ ነበርኩ። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሬ መጣሁና በአንድ ቢሮ የመኪና ስምሪት ክፍል ውስጥ ተመደብኩ።

የኮምፒውተሩ ክፍል ቬንትሌተር የነበረው የቢሯችን ብቸኛ ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ሠራተኛው ሁሉ ለቴክኖሎጂ ትልቅ ፍቅር ነበረው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ማንም ሰው ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ አይገባም፤ ኃላፊያችንም ቢሆኑ በካልሲ ነው የሚገቡት። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ጥልፍ ያለው ጨርቅ ይለብሳል። ከመስኮቱ ውጭ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ጄኔሬተሩ ከሩቅ ሲያንጎራጉር፣ ቬንትሌተሩ ሲዞር፣ የማንጎው ጥላ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ፣ እኔ ዓይኔ እንደተከፈተ ህልም ማየት እጀምራለሁ። ተፈጥሮዬ ነው። እናቴ "ይህ ልጅ ቆሞ ይተኛል" ትል ነበር፤ ተቀምጬም እንደምችልበት ሳታይ ነው እንጂ።

ኃላፊያችን አንድ ቀን፣ መኪና ከዚህ ሲነሳ በየት በየት እንደሚሄድና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበቃው ከእንግዲህ ማሽኑ ይናገር አሉ። ከባዶ ተነስቼ ይህን የምሠራበት ጭንቅላት አልነበረኝም። ደግነቱ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በዲስኬት አንድ መንገድ ፈላጊ ላይብረሪ ላከልኝ። ላይብረሪ ስል መጽሐፍ የሚነበብበት እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የማታውቁት ሰው በሩቅ አገር ቁጭ ብሎ የሠራው፣ እናንተ የራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ ሰክታችሁ የምትገለገሉበት ቁራጭ ሥራ ነው። ይህኛው ደግሞ ኮዱ ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይቀይረዋል፣ ለፈለገው ይሰጣል። ከተሞቹንና መንገዶቹን ንገረው፤ ከዚህ እዚያ በየት በኩል እንደሚቀርብ ይነግርሃል፤ ያውም በነጻ። እኔ እንኳ ጎረቤቴ መዶሻ ሳልለምነው ሲያውሰኝ ምን ፈልጎ ነው ብዬ የማድር ሰው ነኝ።

የተጻፈበት ቋንቋ የእኛ ማሽን ከሚሰማው ቋንቋ የተለየ ስለነበር አንድ በአንድ ማዛወር ነበረብኝ። እንደ መምህር ዝውውር ነው። ዕቃው መንገድ ላይ ይሰበራል፣ ግማሹ ይጠፋል፣ ደርሶም የአገሩ ውሃ አይስማማውም። ክረምቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ተዛውሮ ሲያልቅ ግን እንዴት ያምር ነበር! ጠዋት ተጠርጎ ውሃ የተረጨበት ግቢ ማለት ነው። ከላይ ጀምሬ ሳነበው ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። አናቱ ላይ የሠራው ሰው ለተከታዮቹ የተዋት አጭር ቃል ነበረች፤ እሷንም ወደ አማርኛ መልሼ አስቀመጥኳት፦ "ይህ ሥራ ትንሽ ነው። ትንሽ ሆኖ እንዲኖር እርዳው።"

ምስኪን! ሰውየው እኔን አያውቀኝም። እኔ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ። "አይሆንም" የሚለው ቃል በጆሮዬ ይገባል እንጂ በአፌ አይወጣም።

መጀመሪያ የመጣው ሹፌራችን ጋሽ ኢድሪስ ነው፤ አሶሳ ተወልዶ ያረጀ የበርታ ሰው። ጫማውን አወለቀና ገብቶ፣ ፕሮግራሙ ያወጣለት መንገድ ክረምት ላይ ጭቃ እንደሚሆን ነገረኝ። ልክ ነው። "ክረምት ከሆነ" ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድብኝም። ቀጥሎ ገንዘብ ያዣችን መጣች። እናቷ አሶሳ አጠገብ፣ ባምባሲ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ በዚያ የሚያልፍ መኪና ሳይጠይቃቸው ባይሄድ ምናለ? እናት ናቸው፣ ምን ይባላል? ጨመርኩ። ንብረት ክፍሉ ደግሞ በገበያ ቀን ከሆነ ምሳ ባምባሲ ይበላ አለ። ጨመርኩ። መንገድ ላይ ለቅሶ ካለ መኪናው ቆሞ እንዲደርስ ተጠየቅሁ፤ ለቅሶ እንቢ ይባላል? ሌላው ሹፌር ከአማቱ ጋር ተጣልቶ ስለነበር በአማቱ ደጅ እንዳላሳልፈው ለመነኝ። "ሹፌሩ እሱ ከሆነ፣ አማቱም ካልታረቁት" የሚል መስመር ገባ። ከዚያ ታረቁ። መስመሩ ግን እዚያው ቀረ፤ እንደገና ቢጣሉስ?

እንዲህ እንዲህ እያለ "ከሆነ" በ"ከሆነ" ውስጥ፣ "ካልሆነ በስተቀር" በሌላ "ካልሆነ በስተቀር" ውስጥ ተወሸቀ። ኮዱ ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ከስክሪኑ ወጣ። የትኛው "ከሆነ" የማን እንደሆነ እኔው ራሴ ጠፋኝ። ክረምቱን ስነካ የባምባሲ ምሳ ይሰረዛል፤ ምሳውን ስመልስ የታረቁት አማት ይቆጣሉ። ድሮ ዓይን እስክትጨፍን መልስ ይሰጥ የነበረው ፕሮግራም፣ አሁን ቅርብ ያለችውን ባምባሲን ለመጥራት ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ ያስባል።

ለምን እንደሚዘገይ በህልሜ አየሁት። ቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጬ ሰመመን ይዞኛል። በኮዱ ውስጥ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ግራና ቀኙ ቀርከሃ ነው። በየ"ከሆነ"ው ሥር ጥላ አለ፣ በጥላው ሥር አንድ ሰው ተቀምጧል። የገንዘብ ያዣችን እናት አሉ። አማትየው አሉ። ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች አሉ። እኔም ባለጌ አይደለሁምና ሁሉንም ጨብጬ፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳልጠይቅ አላልፍም። አንዱን ተሰናብቼ ብድግ ስል ሌላው "ና እንጂ፣ ትንሽ አረፍ በል" ይለኛል። ፀሐይዋ አትንቀሳቀስም፤ መንገዱም አያልቅም። ደግሞ ደስ ይል ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ይህን ሁሉ ከጎኔ ሆና የምታይ አንዲት ሰው ነበረች። መሠረት ትባላለች፣ የቢሯችን ታይፒስት ናት። በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ኮዱን ስታነብ፣ እኔ ማንበብ እተውና ትንፋሿን እሰማለሁ። እወዳት ነበር። ለመናገር ግን እሷ ቀደመችኝ፤ ያውም በቁጣ።

"ለሁሉም እሺ፣ ለሁሉም እሺ! ነገ ቤት ቢኖረን ስንት ሰው ነው ጓዳችን ውስጥ የሚያድረው?"

ልብ በሉ፤ "ቢኖረን" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ኮዱ ብዙ ተናግራለች፤ አንዱንም አልሰማሁም።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ቡለን ተዛወረች። በሄደችበት ቀን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና፣ እንግዲህ ሁሉም ከጨመረብህ እኔም አንድ ልጨምርብህ ብላ ሳቀች። ወደ ቡለን የሚመጣ መኪና ሁሉ ከሥራው በፊት በደጃችን ይለፍ፤ ከአንተ ዘንድ የመጣውን ልየው አለች። ጨመርኩላት። ከዚያ ሁሉ መስመር ደስ እያለኝ የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ካርታውን ለማያውቅ ትንሽ ልናገር። ክልላችን አንድ ነው፤ ዐባይ ግን መሃሉን ሰንጥቆት ይወርዳል። አሶሳ ከወዲህ ናት፣ ቡለን ከማዶ። በመኪና ለመድረስ ከክልሉ ትወጣለህ፣ በነቀምት በኩል ሄደህ ዐባይን በድልድይ ትሻገራለህ፣ በጎጃም ትዞርና እንደገና ክልላችን ትገባለህ። ከሳሎን ወደ ጓዳ ለመግባት በጎረቤት ግቢ እንደመዞር ነው። ላይብረሪው ይህን መንገድ ያለ አንዳች ሀፍረት አወጣው። ኃላፊያችን ሲያነቡት ግን ፊታቸው ጠቆረ። በራሳችን ክልል ውስጥ ለመንቀሳቀስ የሰው ክልል ልናስፈቅድ ነው ወይ፣ ማሽኑ ሁለተኛ ይህን እንዳይደግመው አሉኝ። ቢሯቸው ሄደው የልማት ፕላኑን ካርታ ይዘው መጡ። በካርታው ላይ ከአሶሳ ተነስቶ በካማሺ በኩል ወደ ዐባይ የሚወርድ፣ በድልድይ ተሻግሮ ቡለን የሚገባ መንገድ በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሥሏል። ነጠብጣብ ማለት ወደፊት ይሠራል ማለት ነው። ይህን አስገባ፣ ከክልሉ እንዳይወጣም እዘዘው አሉ።

"ይህ እኮ ገና ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። "እሺ" የሚል ድምፅ ወጣ። ማሽኑ ደግሞ ነጠብጣብ አያውቅም፤ ተሥሎ ካገኘ መንገድ ነው።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ መንገድ ያምር ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ዓይኔን በስክሪኑ ላይ ተክዬ እሄድበታለሁ። ጭቃ የለው፣ አቧራ የለው። ድልድዩ ላይ ስደርስ ከታች ዐባይ ድምፅ ሳያሰማ ይፈሳል፤ ከማዶ መሠረት ጫማዋን በእጇ ይዛ ትጠብቀኛለች።

ክረምት ሊገባ ሲል ከቡለን የመጣ ነጋዴ የመሠረትን ቃል አደረሰኝ። አንድ የጭነት መኪና ያለው ሰው ሽማግሌ ልኮ አባቷን ጠይቋል። አባቷ ደግሞ ዝናብ እስኪጥል ሌላ ሽማግሌ ደጄን ካልረገጠ ለእሱ እሰጣለሁ ብለዋል። እንግዲህ ቶሎ በል፣ ዝናቡ ከቀደመህ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም ብላለች።

ሽማግሌዎቼን ለመንኩ። አንዱ አባባ ይመር ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬ፣ የቤት አከራዬ። ሁለተኛው ኦቦ ተርፋሳ፣ ከወለጋ የመጡ ልብስ ሰፊ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሲጸልዩ ሰው የሚያስለቅሱ። አባባ ይመር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አብሽር፣ እናመጣታለን" አሉኝ። ደግሞ እንደ እድል፣ ጋሽ ኢድሪስ የትምህርት መጻሕፍት ጭኖ ወደ ቡለን ሊሄድ ነበር። ኃላፊያችንም ሽማግሌ መጫን ለመኪናውም በረከት ነው ብለው ፈቀዱ።

የስምሪት ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከላይ "አሶሳ" ይላል፣ ከታች "ቡለን" ይላል። መሃሉን አላነበብኩትም። በመሃሉ መሠረት ነበረች።

ከሰነበቱ በኋላ መኪናው ተመለሰ። አቧራው መስኮቱን ደፍኖታል። መጻሕፍቱ እንደታሰሩ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ የኦቦ ተርፋሳ ባርኔጣ ውስጥ ሣር አየሁ። ነገሩን ተራ በተራ ነገሩኝ። ካማሺ ድረስ እንደምንም ሄዱ። ከዚያ መንገዱ ቀጠነ። ቀጥሎ የከብት መሄጃ ሆነ። ቀጥሎ ሣር ብቻ ሆነ። ወረቀቱ ግን ወደ ድልድዩ ቀጥል ይላል። በመጨረሻ ዐባይ ዳር ደርሰው ቆሙ። ከአቅራቢያው መንደር የጉሙዝ ሰዎች መጥተው የት እንደሚሄዱ ጠየቋቸው። ወደ ድልድዩ ሲሏቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ገንፎና ማር አምጥተው አበሏቸው። ምናልባት ፀሐይ የመታቸው ሽማግሌዎች መስለዋቸው ይሆናል።

"ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ከወንዙ ዳር ቆሜ በጩኸት ጠየቅሁልህ" አሉ አባባ ይመር። "ልጃችሁን ለልጃችን አልኩ። የመለሰልኝ ገደሉ ነው፤ ያንኑ ያልኩትን ነው የመለሰልኝ።"

ጋሽ ኢድሪስን ወደ ጥግ ወሰድኩት። አንተ አገሩን የምታውቅ ሰው፣ መንገድ እንደሌለ እያየህ እንዴት ዝም ብለህ ነዳህ አልኩት።

"ወረቀት አለ፣ መንገድ አለ አልኩ" አለኝ። "አገሩ አዲስ ነው። ሄደህ ትመጣለህ፣ ቤት ተሠርቷል። ድልድይም ተሠርቷል አልኩ፣ ወላሂ።"

እኔም እኮ አምኜ ነበር።

ሦስቱም አልተቆጡኝም፤ የገደለኝ እሱ ነው። መኪናው እንደሆነ መጻሕፍቱን ማድረስ ስላለበት በማግስቱ እንደገና ይወጣል። ሽማግሌዎቹም እንዲህ ደክሟቸው እንሄዳለን አሉ። ከማንጎው በላይ ግን ደመና ተቆልሏል። ጫማዬን አውልቄ ወደ ማሽኑ ገባሁ።

በመጀመሪያ ድልድዩን አጠፋሁ። ፕሮግራሙ ወደ ቡለን መንገድ የለም አለ። ከክልል አትውጣ የሚለውን አነሳሁ። አሁን ደግሞ "ባምባሲ፣ ባምባሲ፣ ባምባሲ" እያለ ወረቀት ሞላ፤ ምሳ በልቶ አይጠግብም። ምሳውን ስከለክለው ለቅሶ ተቀመጠ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሰመመኑ መጣ፤ እነዚያ ሰዎች አሁንም በየጥላቸው ሥር ተቀምጠው "ና እንጂ፣ አረፍ በል" ይሉኛል። ከሩቅ፣ ከሁሉም በስተመጨረሻ፣ መሠረት ቆማለች። እሷ ጋ ጥላ የለም። ዝናብ እየመጣባት ነው።

ብድግ አልኩ። መሳቢያዬን ከፍቼ የመጀመሪያውን ዲስኬት አወጣሁ፤ ገና እንደተዛወረ፣ ለማንም እሺ ሳልል ያስቀመጥኩትን። ያበጠውን ኮድ ደምስሼ እሱን በቦታው መለስኩት። "ትንሽ ሆኖ እንዲኖር እርዳው" ይላል አናቱ ላይ። ያሉትን መንገዶች ብቻ ሰጠሁት። የጋሽ ኢድሪስን ክረምት መለስኩ፤ ክረምት እውነት ነው። ከዚያ ትንሽ አሰብኩና አንድ ሌላ መስመር መለስኩ። ሌላውን ሁሉ ተውኩት። ወዲያው መልሱን አወጣ፦ በነቀምት፣ በጎጃም፣ ቡለን።

ኃላፊያችን ሊፈርሙ መጥተው በካልሲያቸው ቆመው አነበቡ። የክልሉ መንገድ የት ሄደ አሉኝ። ገና አልተሠራም አልኩ። ፕላኑ ላይ አለ፤ መልሰህ አስገባው አሉ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። አፌን ከፈትኩ። የተለመደው ሊወጣ ሲል ያዝኩት።

"አይሆንም" አልኩ።

ሁለታችንም ደነገጥን። ይህን ቃል ማን አስተማረህ አሉ። ቡለን ያለች ሰው ናት አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አወጡና፣ እንግዲያው ከመንገዱ ሥር "ለጊዜው" የምትል ቃል ጨምርበት፣ ያለዚያ አልፈርምም አሉ። በእጄ ጻፍኩላቸው። ፈረሙ።

መኪናው በሄደ በሦስተኛው ቀን አሶሳ ላይ ዝናብ ወረደ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ማንጎው ሲታጠብ አየሁ። ቡለን ጥሎ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ሥራ የለ፣ ምግብ የለ። ህልም እንኳ እምቢ አለኝ፤ ዓይኔን ስከፍትም ስጨፍንም ያው ዝናብ ነው።

የጋሽ ኢድሪስን ጥሩምባ የሰማሁ ዕለት በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት። ሦስቱም ይስቃሉ። ቡለን ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጽሐፉ ቶሎ ይውረድ፣ ይበሰብሳል ብለው ወደ ትምህርት ቤቱ ሊያዞሩት ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ግን ወረቀቱን አሳያቸው፤ መጀመሪያ በደጃቸው እለፍ ይላል። አንድ ጊዜ ወረቀት ጉድ ሠርቶታል፤ እሱ ግን አሁንም በወረቀት ያምናል። ሽማግሌዎቹ የግቢውን በር አልፈው ደጃፉን ሲረግጡ ሰማዩ ከኋላቸው ተቀደደ። አባቷ ከውስጥ ሆነው፣ እናንተ ቀደማችሁ ወይስ ዝናቡ አሉ። አባባ ይመር ዞር ዞር ብለው አሳዩአቸው፤ ፊታቸው ደረቅ ነው፣ ጀርባቸው እርጥብ። አባቷ ስቀው አስገቧቸው።

መሠረት ከሠርጋችን በኋላ ወደ አሶሳ ተዛወረች። ወደ ቢሮ በተመለሰችበት ቀን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ እንደ ድሮው በትከሻዬ ላይ አጎነበሰች፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሻይዋ አልቀዘቀዘም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

"ይሄኛውን ረስተኸዋል" አለች። "በደጃቸው እለፍ የሚለውን። አጥፋው እንጂ፣ አሁን እኮ እዚህ ነኝ።"

የማንጎው ጥላ በእጇ ላይ ይወዛወዛል። ጄኔሬተሩ ከሩቅ ያንጎራጉራል። አየኋት።

"አይሆንም" አልኳት።